የተዋጠችው ቃል

መጀመሪያ የተሰማው የአውራ ዶሮ ጩኸት ነው። የንጋቱ ኩኩሉ አይደለም፤ ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ፍጡር የሚያሰማው ዓይነት ጩኸት ነው። ቀጥሎ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የክንፍ መርገፍገፍ፣ ከዚያም «ያዙት! ኧረ በእመቤቴ ያዙልኝ!» የሚል የሴት ድምፅ ተከተለ።

አቶ ሳህሌ በረንዳቸው ላይ ዝቅ ባለች የእንጨት ዱካ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ፣ የተበጠሰ ሲባጎ ከእግሩ እያንጠለጠለ፣ አጥሩን ተሻግሮ መጣና መጽሐፉ መሐል ዘጭ አለ።

«በስመ አብ!» አሉ። ነገር ግን ዕድሜያቸውን በፈትል ማሽን ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸውና እጃቸው ከድንጋጤያቸው ቀደመ፤ ክንፉን ለቀም አድርገው ያዙት።

የውጭው በር ተከፈተና ሮዳስ እያለከለከች ገባች። ሮዳስ የጎረቤት ልጅ ናት። በሥራ ቀን አማርኛ ታስተምራለች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን መጽሐፍ ቅዱስ ታስነብባለች። ዕለቱ ቀዳም ስዑር ስለነበር ቄጤማ ግንባሯ ላይ አስራለች፤ የተረፈውንም በእጇ ይዛለች።

«በሩን ዝጊው!» አሉ አቶ ሳህሌ ከሰላምታ በፊት። የአቃቂ በሰቃ ሠፈርተኛ በሙሉ እንደሚያውቀው፣ ከቅበላ ወዲህ በዚህ ግቢ የበር ነገር ቀልድ አልነበረም፤ አቶ ሳህሌ ገቢ ወጪውን ሁሉ «ዝጉ» እያሉ ይቆጡ ነበር።

«ዘግቻለሁ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከገበያ ስመለስ ሲባጎውን በጥሶ አመለጠኝ።»

«እሱስ ምን ያድርግ? ዛሬ ማታ ምን እንደሚጠብቀው ሰምቶ ነው። ደግሞ ብልህ ነው፤ ከሰው ሁሉ መርጦ ቃሉ ላይ ተማጠነ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሮዳስ ዶሮውን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰረችና ከያዘችው ቄጤማ ሦስት ዘለላ መዝዛ ሰጠቻቸው።

«ሦስት ምን ያደርግልናል? እኔና አስካለ ሁለት ነን።»

«የቤቱ ሰው ስንት እንደሆነ ስለማውቅ ነው» አለችና አንዷን ዘለላ አግዳሚው ወንበር ላይ አኖረቻት። አቶ ሳህሌ እንዳልሰሙ ሆነው የራሳቸውን ግንባራቸው ላይ አሰሩ።

ሳህሌ ክፉ ሰው አልነበሩም። እድር ሲጨቃጨቅ፣ ጎረቤት ሲጣላ፣ ቀድመው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ አመል ግን አለባቸው፤ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ጥቅስ ይመዛሉ። ጥቅስ ከተመዘዘ በኋላ ደግሞ ሸንጎው አለቀ ማለት ነው።

ጨዋታ ለመቀየር ብለው እንዲህ አሉ፦ «የዛሬ ሰው ግን ቃሉን መቀለጃ አደረገው እኮ ሮዳስ። ሰይፈሥላሴን ታውቂው የለ? ከጾም በፊት አረቄ ቤት በር ላይ አገኘሁትና 'አንተ፣ ይኼ ነገር አይበቃህም?' ብለው 'ጳውሎስ ራሱ ውኃ ብቻ አትጠጣ ብሏል' አይለኝ መሰለሽ!»

ሮዳስ ሳቋ አመለጣት። «ምን መለሱለት?»

«ምን እመልሳለሁ! 'መጽሐፉ ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ጥቂት ጠጣ ነው የሚለው። ጥቂት የምትለዋን ቃል የት አደረስካት? ከአረቄው ጋር ውጠሃታል!' አልኩት። ሰው የሚወደውን ይዞ የማይወደውን ሲውጥ፣ ያ ንባብ ነው ትያለሽ?»

«አይደለም ጋሼ። እውነትዎን ነው» አለች ሮዳስ። ከዚያም ቀስ ብላ «ዘአማኑኤልስ? ዛሬ ማታ አብሯችሁ ያፈስካል?» ስትል ጠየቀች።

ከማድቤት በኩል ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረችው ቢላ ቆመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘአማኑኤል የአቶ ሳህሌ አንድያ ልጅ ነው። ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። ወራት አለፉ። በቅበላ ማታ፣ ገበታ ተቀርቦ ሳለ፣ አቶ ሳህሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የማይሠራ አይብላ ይላል ቃሉ» አሉ። ልጁ ወደ አፉ ያስጠጋውን ጉርሻ መልሶ መሶቡ ላይ አኖረና ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቂሊንጦ መንገድ ዳር ጎሚስታ ካለው ጓደኛው ከሙንታሲር ጋር ይኖራል። ጾሙ በሙሉ አለፈ፤ ደጁን አልረገጠም።

«እኔ አላባረርኩትም» አሉ አቶ ሳህሌ። «ቃሉ ነው ያለው።»

«ቃሉ ምን አለ ጋሼ?»

«የማይሠራ አይብላ።»

«ያንብቡልኝ።»

«በቃሌ የማውቀውን ምን አስነበበኝ?»

«እኔ በቃሌ አላውቀውማ።»

ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ቢላቸውን እንደያዙ ከማድቤት ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ሽንኩርቱ ነው» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «አንብብላት እንጂ ሳህሌ! ምን ያስፈራሃል?»

አቶ ሳህሌ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ለተሰሎንቄ ሰዎች የተጻፈውን ሁለተኛ መልእክት፣ ምዕራፍ ሦስት ቁጥር አሥርን ገለጡና ጉሮሯቸውን ጠራርገው አነበቡ። «ከእናንተ ጋር ሳለን ደግሞ፦ የማይሠራ አይብላ ብለን ይህን አዘዝናችሁ ነበርና። ይኸው!»

«እስቲ እንደገና። አሁን ግን ተማሪዎቼ እንደሚያነቡት፣ በጣትዎ እየጠቆሙ።»

«አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና አንደኛ ክፍል ልታስገቢኝ ነው?»

ቢሆንም ጠቆሙ። «ከእናንተ... ጋር... ሳለን... ደግሞ... ሊሠራ...» ጣታቸው ቆመች። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። «ሊሠራ... የማይ... የማይወድ... አይብላ።»

«ይቺ ቃል» አሉ አቶ ሳህሌ፣ «ትናንት እዚህ ነበረች?»

ወይዘሮ አስካለማርያም ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት።

ሰው ሆኖ ወደ ራሱ የማያደላ የለም። መጽሐፍ ስናነብ ዓይናችን እንደ ገበያተኛ ነው፤ የፈለገውን ሸምቶ ሌላውን እንዳላየ ያልፋል። ቤት ገብተን ዘንቢላችንን ስንከፍት ደግሞ ገበያው በሙሉ እሱ ብቻ የነበረ ይመስለናል። አቶ ሳህሌም ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ያነበበላቸው ግን ቁጣቸው ነው።

እሳቸውም በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩምና «ቢሆንስ? ያው ነው!» አሉ። «ሊሠራ የማይወድ፣ የማይሠራ፣ ምን ልዩነት አለው? ቃሉ አንድ ነው። ትርጓሜ የሚያበዛ ሰው ማምለጫ የሚፈልግ ነው።»

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። እርስዎ አሁን ሥራ ይሠራሉ?»

«እኔማ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«እንግዲያው የማይሠራ አይብላ ከሆነ...»

«እሰይ!» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ቢላቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው። «ጡረታ ከወጣህ ወዲህ የበላኸውን ሁሉ ቁጭ በልና ትፋ! እኔም ከዛሬ ጀምሮ ምጣድ አላሰማም።»

«ምን ነካሽ አስካለ! እኔኮ ብሠራ እወድ ነበር፤ ጉልበቴ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። «እወድ ነበር» የምትለው ቃል ከገዛ አፋቸው ወጥታ ፊታቸው ቆመች። ሮዳስ አስተዋለች። ጥሩ አስተማሪ ተማሪው መልሱን ራሱ ሲያገኝ ዝም ማለት ያውቅበታል።

አቶ ሳህሌ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «እሱስ ይወዳል? ሥራ ይወዳል ወይ ልጅሽ?»

«ልጅህ ጎሕ ሳይቀድ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ነበር ከዚህ ቤት የሚወጣው። አንተን እንዳይቀሰቅስ። ቂሊንጦ ሄዶ ለቀን ሥራ ይሰለፍ ነበር። አንዳንድ ቀን ይቀናዋል፣ ብዙውን ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ጥቅስ ነገርከኝ እንጂ!»

አቶ ሳህሌ ዱካቸው ላይ ተመቻችተው ለመቀመጥ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። መጽሐፉን አገላበጡት። «እኔ የሚገርመኝ» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «'የማይሠራ' የምትለዋን ከየት አመጣኋት? እምላለሁ፣ አንብቤያታለሁ። በዓይኔ አይቻታለሁ። በትልልቅ ፊደል፣ በቀይ...» ድንገት ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «ግድግዳው!»

«የምን ግድግዳ?» አለች ሮዳስ።

«የፋብሪካው! በደርግ ጊዜ፣ ከመግቢያው በር በላይ፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር፦ 'የማይሠራ አይብላ'። ጠዋት ስገባ ከሥሯ አልፋለሁ፣ ማታ ስወጣ ከሥሯ አልፋለሁ። ደግሞኮ ያን ያስጻፈው ካድሬ ከሁላችን በላይ ይበላ ነበር፤ ሲሠራ ግን አንድም ቀን አላየሁትም!»

ሦስቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ዶሮውም የሰው ነገር የገባው ይመስል ተንጫጫ። ሳቁ ሲበርድ ግን አቶ ሳህሌ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከግድግዳ አንብቤ ከመጽሐፍ ነው አልኩ» አሉ። «በሰይፈሥላሴ ስስቅ ነበር። እሱ ጥቂትን ዋጠ፤ እኔ የማይወድን ዋጥኩ። እሱ የራሱን ጉበት ነው የጎዳው። እኔ የልጄን ጉርሻ ከአፉ መለስኩ።»

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለች ሮዳስ። «ሁላችንም የየራሳችን ግድግዳ አለን። የኔታዎቹ አንድ ቃል ሲፈቱ አንዱን ፍቺ ሰጥተው አይቆሙም፤ 'አንድም' ብለው ይቀጥላሉ። እንደ ፈለጉም አይደለም፤ ከላይ ከታቹ እያገናዘቡ ነው። ለእኔ የሚመስለኝ፣ መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ የገዛ ምኞታቸው እንዳይሆን ሰግተው ነው።»

«ከላይ ከታቹ» አሉ አቶ ሳህሌ ቃሉን እያላመጡ። «ይሄስ የኛ ሥራ ነው። ክር ሲበጠስ ማሽኑን አቁመን ሁለቱን ጫፍ እንፈልጋለን፤ የላዩንም የታቹንም። አንዱን ብቻ ይዞ የሚጎትት ያበላሸዋል።» ከዚያ ዓይናቸውን አጠበብ አድርገው አዩዋት። «ግን አንቺስ? ለዘአማኑኤል አታዳይም?»

ሮዳስ ፊቷ ቀላ። ቄጤማዋን ያለ ምክንያት አስተካከለች።

«አደላለሁ» አለች። «ለዚህ ነው ከቃሉ ጋር የታገልኩት። እርስዎ ያሉትን እንደሰማሁ መጽሐፉን ገልጬ ቁጥር አሥርን ዘለልኩና ወረድ ብዬ 'እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቍጠሩት' የሚለውን አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ይዤልዎት ልመጣም ነበር። ኋላ ራሴን ታዘብኩ። እርስዎ አንዱን ጫፍ ይዘዋል፣ እኔ ሌላውን። ስለዚህ ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበብኩት፤ መጀመሪያ ዘአማኑኤልን ሆኜ፣ ቀጥሎ እርስዎን ሆኜ። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ቁጥር አሥርን ራሴ ሄጄ አነብለት ነበር። እውነቴን ነው ጋሼ፣ አልምረውም።»

«አትምሪውም» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ፈገግታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «አይቼሻለሁ። ሚስት ብትሆኚማ ጉድ ይፈላ ነበር።»

«እትዬ!»

«ምን አልኩ? ሽንኩርቱ ነው።»

አቶ ሳህሌ አልሳቁም፤ አሁን እያነበቡ ነበር። ከምዕራፉ መጀመሪያ ተነስተው፣ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን አወጡ። «'በሰው ነገር እየገቡ' ይላል እዚህ። ይሄ ደግሞ እኔን ነው። አቤት! ለካ ለልጄ የላክሁት መልእክት አድራሻው እዚሁ ነበር።»

«እንዲህ ሲነበብ ይሻላል አይደል?» አለች ሮዳስ።

«ያማል እንጂ ምን ይሻላል! ግን...» አሰቡ። «ግን ቀለል ይላል። እስከ ዛሬ ቃሉን የያዝኩት እንደ ዱላ ነው፤ ዱላ የያዘ ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም። መጀመሪያ ራሴን ለክቼበት ቢሆን ኖሮ፣ ከልጄ ጋር እጾም፣ ከልጄ ጋር እጸልይ ነበር። የእድሩም ሰው ሲያየኝ ጥቅስ መጣ ብሎ አይሸሽም ነበር። አስካለም ሽንኩርት...» ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ። «ሽንኩርት ባልተከተፈበት ቀን ዓይኗ አይቀላም ነበር።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሽንኩርቱ ምንም አላሉም።

በዚህ ዓይነት ያነበበ ሰው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። አድልዎውን ከደጅ ትቶ ወደ መጽሐፉ የገባ፣ የሚወጣው ጠላቱን የሚመታበት ይዞ ሳይሆን ራሱን የሚያይበት ይዞ ነው። ቤቱ ይሰፋል፤ ገበታው ላይ ሰው አይጎድልም፤ ቃሉም እንደ ግድግዳ ጽሑፍ ከላይ እያየ የሚያስፈራራው ሳይሆን አብሮት የሚቀመጥ ይሆናል። ይህን ለመማር ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጣት፣ አንድ መነጽርና ትንሽ እፍረት ይበቃል።

ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ በኩል፣ «ቂሊንጦ! ቂሊንጦ! የሞላ!» የሚል የታክሲ ረዳት ጥሪ መጣ።

አቶ ሳህሌ መጽሐፋቸውን ከድነው ዱካው ላይ አኖሩ። ተነሱ። ቤት ገብተው የቅዳሴ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

«ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

አቶ ሳህሌ ዶሮውን ተራምደው አለፉና አግዳሚው ወንበር ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። ሦስተኛዋን የቄጤማ ዘለላ አነሱ፤ እንዳትታጠፍ ተጠንቅቀው በደረት ኪሳቸው ከተቷት። የውጭውን በር ከፍተው ወጡ፤ ያ በሩን ዝጉ እያለ ሠፈሩን ያስመረረ ሰው፣ በሩን እንደተከፈተ ትቶት ሄደ።