ልብስ ሰፊዋና የክፍሉ ነርሶች

አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ሠራተኛው በሙሉ «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ዋና ነርስ፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው ቀሪውን መንገድ በእግር ሊጨርሱት ሲነሡ ከኋላቸው የሚያውቁትን ድምፅ ሰሙ። ተማሪያቸው የነበረው ወጣት ነርስ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ጓደኞቹ «መቃ» ይሉታል። ሦስት ሳምንት ሥልጠና ላይ ከርሞ ዛሬ ወደ ሥራ መመለሱ ነበር።

«እንደምን አደሩ እትዬ? ቦርሳውን እኔ ልያዝልዎ።»

«ቦርሳው አልከበደኝም። የከበደኝ በዳይሬክተሩ በኩል የላክኸው ደብዳቤ ነው። ነርሶቼ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለስድስት ሳምንት ይማሩ ብለሃል። ምኑን ነው የሚማሩት?»

«ቦርደርላይን የሚባለው የስብዕና መታወክ ያለባቸውን ሕሙማን አያያዝ ነው። ስሜታቸው በአንድ ቀን ከጫፍ ጫፍ ይዋልላል። የወደዱት ሰው የሚጥላቸው እየመሰላቸው ይርዳሉ፤ ጭንቁ ሲበዛባቸውም ገላቸውን ይጎዳሉ።»

«እንደ ልብስ ሰፊዋ በለኛ።»

«እንደ እሷ።»

ልብስ ሰፊዋ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ክንዷን አቁስላ ክፍሉ ገብታ የወጣች፣ ከወር በፊትም ለስምንተኛ ጊዜ ገብታ እዚያው የተኛች ሴት ናት። ነርሶቹ በሌለችበት «ተዋናይዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት እትዬ ራሳቸው ነበሩ።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል» አሉ እትዬ። «የእሷ እንባ ግን ሲያሻት የምትከፍተው ቧንቧ ነው። ጠዋት አንዷን ነርስ እንዳንቺ ያለ ሰው የለም ትላታለች፤ ከሰዓት ያቺኑ ትሰድባለች። ነርሶቼን እርስ በርስ ታባላብኛለች። የእኔ ትምህርት አጭር ነው፦ ቁስሏን እጠቡ፣ ወሬዋን አትስሙ።»

«ሰባት ጊዜ እንዲያ አደረግን እትዬ። ስምንተኛው ቀረልን ወይ?»

እትዬ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ቆም ብለው ዞር አሉ።

«አንተ ገና ፊደል ስትቆጥር እንዲህ ያለችውን አንዷን እንደ ልጄ ይዣት ነበር። በዕረፍት ቀኔ ሳይቀር እየመጣሁ አጽናናት ነበር። አንድ ቀን ታምሜ ቀረሁ። ስመለስ መታችኝ ብላ ከሳኛለች። ነገሩ እስኪጣራ አራት ወር ቤቴ ተቀመጥሁ። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል፤ አትፍረድብኝ።»

ሰው የቆሰለበትን ነገር ጥበብ ነው ብሎ ሲይዘው ማስለቀቅ ከባድ ነው። መቃም ይህን ስለሚያውቅ አልተከራከራቸውም።

«ግፍ ደርሶብዎታል» አለ። «ሥልጠናው ግን እቀፏቸው አይልም። ብቻችሁን አትሸከሙ ነው የሚለው። ሁላችንም አንድ ቃል እንናገር፤ የማንፈጽመውን ተስፋ አንስጥ፤ ሕመሟን እንመን፣ ራሷን መጉዳቷን ግን አናጽድቅ። ያኔ እርስዎን ይህን ያስተማረዎት ሰው አልነበረም።»

እንዲህ ሲነጋገሩ ሆስፒታሉ ደረሱ።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ነርሶችና የጥበቃ ሠራተኛው በሴቶቹ ማጠቢያ ቤት በር ላይ ተሰብስበዋል። ልብስ ሰፊዋ የተሰበረ መስታወት ይዛ በሩን ከውስጥ ቀርቅራለች። ዛሬ ከሆስፒታል ትወጫለሽ የተባለችው ገና አሁን ነበር። ሐኪሙ ተጠርቷል። መቃ ቀርቦ ሊያናግራት ሲሞክር ድምፅዋ በሩን አልፎ መጣ።

«ሦስት ሳምንት ጥለኸኝ ስትሄድ መቼ ነገርኸኝ? ዞር በልልኝ።»

መቃ ወደ ኋላ አለ። ተራው የእትዬ ሆነ።

«ይህን ቲያትር አቁሚ» አሉ ከልማዳቸው።

መስታወቱ ግድግዳውን ሲጭር ተሰማ። «ቲያትር? ቆይ ታያላችሁ።»

እትዬ ከበሩ አንድ እርምጃ ሸሹ። መቃ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ «አይከራከሯት። የተሰማትን እንዳወቁላት ይንገሯት፤ እውነት የሆነውን ብቻ» አላቸው። ጥበቃው ደግሞ የበሩን ማጠፊያ የሚፈታበትን መሣሪያ ይዞ እንዲጠብቅ አደረገ።

እትዬ ወደ በሩ ተጠጉ። የመውጫዋን ቀን ከትናንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ቀድማ ካወቀች ታስቸግራለች ብለው ደብቀዋታል።

«ስሚኝ፣ ዛሬ ትወጫለሽ ሲሉሽ ከሰማይ ዱብ ያለብሽ ነው የመሰለሽ። እኔ ትናንት አውቄ ነበር፤ አልነገርሁሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጣሉኝ ብለሽ ብትፈሪ አይገርመኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ ወደ በሩ ስትጠጋ ተሰማ።

«ተዋናይዋ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሁለቱ ነርሶች መሬት መሬቱን አዩ። እትዬ መካድ ይችሉ ነበር።

«እኔ ነኝ። ክፉ ስም ነው። ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም።»

«ታዲያ አታስወጡኝም?»

እሺ ቢሏት በሩ ምናልባት ወዲያው ይከፈት ነበር። ሽንገላው ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጡት።

«እሱን ብቻዬን ስለማልወስን ቃል አልገባልሽም። ሐኪሙ ሲመጣ አንቺ ባለሽበት እንነጋገራለን። እስከዚያ እዚሁ በሩ ሥር እቀመጣለሁ። ራስሽን ስትጎጂ ከሰማሁ ግን በሩን እናስነቅለዋለን። ይህንንም አልደብቅሽም።»

እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። ደቂቃው እንደ ሰዓት ረዘመ። ጥበቃው መሣሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ ያልበዋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ መስታወቱ በበሩ ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ጠርዙ ላይ ጥቂት ደም ነበረበት። ቀጥሎ መቀርቀሪያው ተሳበ።

ቁስሉ ከታሰረ፣ መውጫዋም በሐኪሙ ፊት በሦስት ቀን ከተራዘመ በኋላ መቃ «እትዬ፣ ስለ ደብዳቤው» ብሎ ጀመረ።

«ስድስት ሳምንት ይበቃል ወይ?» አሉት እጃቸውን እየታጠቡ። «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼም አልበቃኝም።» ከዚያም ሥልጠናው ሲጀመር ከፊት ያለው ወንበር ላይ የተቀመጡት እርሳቸው ሆኑ።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተቃናም። በሩ በተከፈተ ማግሥት ልብስ ሰፊዋ «ውሸታም» ብላ ሰደበቻቸው። ቀድሞ ቢሆን ወር ያኮርፏት ነበር። አሁን ግን «ተናደሽብኛል፤ በአራት ሰዓት እመለሳለሁ» ብለው ወጡ፤ በአራት ሰዓትም ተመለሱ።

በዓመቱ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ነርሶቹ ጠዋት ጠዋት ተገናኝተው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በአንድ ቃል ይስማማሉና፣ እንደ ድሮው አንዷ የፈቀደችውን ሌላዋ ከልክላ አይጣሉም። የሚወጣ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ያውቃል። ጭንቁ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግና ማንን እንደሚጠራ በገዛ እጁ ጽፎ ይይዛል። ሕመምተኛን ከአልጋ ጋር ማሰር ብርቅ ሆነ። ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩኝ ብላ ማመልከቻ ያስገባች ነርስም አንዲት አልተገኘችም። የተሰደበ ነርስ ብቻውን አያለቅስም፤ የሚያወራበት የጋራ ሰዓት አለው።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ቆስላ መጥታለች። ከዚያ ቀጥሎ የመጣችው ግን እኩለ ቀን ላይ፣ በገዛ እግሯ ነው። እትዬ ፊት ቆማ ሁለቱንም እጅጌዎቿን ሰበሰበች፤ አዲስ ቁስል አልነበረም።

«ገና ምንም አላደረግሁም» አለች። «ግን ፈርቻለሁ።»

እትዬ ወንበር ሳቡላት።