የሐጅ ማሕጁብ ሦስተኛ ብርጭቆ

የምስክር ቃል

ቦታ፦ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ፖሊስ ጣቢያ
ቀንና ሰዓት፦ ሐምሌ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
የምስክሯ ስም፦ ሉጥፊያ ጂብሪል ከቢር
ዕድሜ፦ 36
የትውልድ ቦታ፦ ወሎ፣ ቃሉ
ሥራና አድራሻ፦ የቤት ሠራተኛ፣ ጀብራ፣ በአሠሪዋ በሙዕተዝ ማሕጁብ ቤት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን አብዱልወሃብ ኢሳ
በአማርኛ የጻፈው አስተርጓሚ፦ ናሆም ተክሌ

እኔ ምስክሯ በአሠሪዬ ቤት ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሟች ሐጅ ማሕጁብ የአሠሪዬ አባት ሲሆኑ ነዋሪነታቸው በከሪማ ነው። በየዓመቱ ለአረፋ በአውቶብስ ወደ ካርቱም እየመጡ የልጆቻቸውንና የዘመዶቻቸውን ቤት ይዞራሉ። በየቤቱ ከበዓሉ ሥጋ ጋር ሸርቦት የሚባለውን የቴምር መጠጥ አንድ አንድ ብርጭቆ እየቀመሱ ቴምሩ የየት አገር እንደሆነ በምላሳቸው ይለያሉ። የስኳር ሕመም ስላለባቸው መድኃኒታቸውን ይዤ አብሬያቸው የምዞረው እኔ ነኝ።

ሐምሌ 2 ቀን፣ በአረፋ ዕለት፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ጀብራ ቤት ጉበት በልተው አንድ ብርጭቆ ጠጡ። "የአትባራ ቴምር ነው፤ ውሃው በዝቷል" ብለው የልጃቸውን ሚስት አስቀየሙ። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ በታክሲ ካላክላ ሄደን የእህታቸው ልጅ ረሻ የዶንጎላ ቴምር ሸርቦት አቀረበችላቸው። እሷን አመሰገኗት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐጅ ዩሱፍ፣ ሴት ልጃቸው ወይዘሮ አዋጢፍ ቤት ደረስን።

በዚህ ቤት ሸርቦቱን ያዘጋጀችው አሁን የታሰረችው ሠራተኛ ሙኒያ ናት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የወሎ ልጅ ስትሆን ካርቱም ከገባች ገና አሥር ወሯ ነው። ሰኔ 29 ቀን ማታ ስልክ ደውላ፣ "እትዬ፣ ቴምሩን በዝንጅብልና በቅርንፉድ ቀቅዬ ከደንኩት፤ ዝም ብሏል፣ አይፈላም። መዳም ትቆጣኛለች፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። እኔም "እንደ ቀሪቧችን አድርጊዋ! የዳቦ እርሾና ስኳር ጨምረሽ ግጠሚው፣ ኻላስ፣ በቃ" አልኳት። ቀሪቦ በእኛ አገር እስላሙ ለበዓል የሚጠጣው የገብስ መጠጥ ነው። እርሾው ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይጠጣል፣ ማንንም አያሰክርም። ሸርቦቱ ግን በካርቱም ሙቀት ሦስት ሌሊት የሚያድር መሆኑን ልብ አላልኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ በዚያው አለፈ። ሙኒያ አስካሪ መጠጥ ጠምቃለች የተባለው በእኔ ቃል የሠራችው ነው።

እንስራው ሲከፈት እኔም ሙኒያም በማንኪያ ቀምሰናል። ምላሴን ቆነጠጠኝ፤ ዝንጅብሉ ነው አልኩ። ሁለታችንም በዕድሜያችን አስካሪ ነገር ቀምሰን ስለማናውቅ ልንለየው አልቻልንም። ወይዘሮ አዋጢፍ ከሴት እንግዶቻቸው ጋር በሌላ ክፍል ስለነበሩ አልቀመሱም።

ሳሎን የነበርነው ሐጅና እኔ ብቻ ነን። አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ቴምሩ ከከሪማ ያመጣሁት ነው። ይሄ ግን ሸርቦት አይደለም፣ ኸምር ነው፣ የሚያሰክር" አሉኝ። ደንግጬ ብርጭቆውን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። "ሐጅ ሳልሄድ በፊት እጠጣ ነበር፤ ልጆቼ አያውቁም። ኢንሻአላህ አላህ ይምረኛል፤ አንቺ ብቻ ዝም በይ" አሉኝ። ብርጭቆውን ተውኩላቸው። በሁለተኛው ብርጭቆ ሟች ባለቤታቸው በከሪማ እየደበቀች ትጠምቅላቸው እንደነበር አጫወቱኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ማለት ይህ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሦስተኛውን ብርጭቆ በገዛ እጄ ቀዳሁላቸው። ደስ ስላላቸው እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ አላባቸው። ስኳራቸው ከፍ ያለ መስሎኝ መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው። አንደበታቸው ሲታሰር ጮህኩ። በጎረቤት መኪና ተጭነው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ። የመረመራቸው ሐኪም አፋቸው አስካሪ ይሸታል በማለቱ ሙኒያ በዚያው ምሽት ተያዘች። እኔ አላለቀስኩም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ለለቀስተኛ ሻይ ሳቀርብ ዋልኩ። እጄ ይሠራል፤ ሌላው አካሌ የት እንዳለ አላውቅም።

ትናንት ማታ አሠሪዬ ሙዕተዝ ማድ ቤት ድረስ መጥተው፣ "አባቴ ኸምር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ደብቃ አጠጣችው ብለሽ ትመሰክሪያለሽ። ኢቃማሽን የማሳድሰው እኔ ነኝ" አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚያልቀው በሚመጣው ወር ነው። ቃሌን በምሰጥበት በዚህ ሰዓት ከበሩ ውጭ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

ሟች ቀድሞ እጠጣ ነበር ማለታቸውን የሰማ ሌላ ሰው አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የለም ብያለሁ። ሳጅኑ እርሾውን ማዘዜንና መቅዳቴን ካልሰረዝኩ ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት እንደምዛወር፣ ወደ ጀብራም እንደማልመለስ በአስተርጓሚው በኩል አስረድቶኛል። ሐጅ ዝም በይ ብለውኛል፤ ሐጅ ግን ተቀብረዋል፣ ሙኒያ በሕይወት አለች። ስለዚህ አንድም ቃል አይሰረዝ ብያለሁ። የማድረው ከሙኒያ ጋር በአንድ ክፍል ነው ወይ ብዬ ጠይቄ፣ አዎ ተብያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል በማውቀው ቋንቋ ተነቦልኝ፣ የራሴ መሆኑን አረጋግጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የጣት አሻራዬን አኑሬበታለሁ።

የምስክሯ አሻራ፦ (የቀኝ አውራ ጣት)
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ ናሆም ተክሌ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሳጅን አብዱልወሃብ ኢሳ