ተቀምጦ የሚሮጥ ልብ

ሰሙነ ሕማማት፣ ጸሎተ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጓዳቸው በር ላይ ተቀምጠው ለጉልባን ስንዴ ይለቅማሉ፣ ልጃቸው ናሁሰናይ ሳይደውል ከአዲስ አበባ መጥቶ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ፊታቸው ቆሟል።

ናሁሰናይ፦ እማዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምልሽ። ተነሺና ሐኪም ቤት እንሂድ።

ጥሩወርቅ፦ የመጨረሻህ ከሆነ እሰየው፤ ከዚህ በኋላ ዝም ትላለህ ማለት ነው። ቁጭ በል።

ናሁሰናይ፦ ቁጭ ለማለት አይደለም እየበረርኩ የመጣሁት። እስቲ እጅሽን ስጪኝ።

ጥሩወርቅ፦ እጅህን ሰብስብልኝ። በሕማማት ማን ከማን ይጨባበጣል? ይሁዳ ጌታውን በሰላምታ አይደል እንዴ የሸጠው? አዲስ አበባ ይኼንንም አስረሳችህ?

ናሁሰናይ፦ ሰላም ልልሽ ሳይሆን የገዛሁልሽን ሰዓት ልይ ብዬ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ሰዓት ምኑ ይታያል? ነጠላዬ ሥር ነው። ሲም አስገብተህበት በስልክህ ታየው የለም እንዴ?

ናሁሰናይ፦ ያየሁት ነገር ነው ያስሮጠኝ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ልብሽ ቀይ ላይ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ቀይ፣ አረንጓዴ። ልቤን የትራፊክ መብራት አደረግከው።

ናሁሰናይ፦ ስንቴ አስረዳሁሽ? ልብ አርፎ ሲመታ ግራጫ ነው። ቀስ ብለሽ ስትራመጂ ሰማያዊ ይሆናል። ጠበቅ አድርገሽ ስትሄጂ፣ ግን እያወራሽ መሄድ ካላቃተሽ፣ አረንጓዴ ነው። ሐኪሙ የፈቀደልሽ እዚያ ድረስ ብቻ ነው። ብርቱካናማው ዳገት የሚወጣ ሰው ልብ ነው። ቀዩማ አቅሙን አሟጦ የሚሮጥ ሰው፤ ላንቺ ክልክል ነው።

ጥሩወርቅ፦ ይኼን ሁሉ ድንበር ማን አካለለው?

ናሁሰናይ፦ ሰዓቱ ራሱ፣ ከዕድሜሽ ተነስቶ።

ጥሩወርቅ፦ ዕድሜዬን ደግሞ ማን ነገረው?

ናሁሰናይ፦ እኔ ነኝ።

ጥሩወርቅ፦ አንተ የት ነበርክና ታውቀዋለህ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው።

ናሁሰናይ፦ አትቀልጂብኝ እማዬ። ፈርቻለሁ። ስልኩ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነው ያደርኩት።

ጥሩወርቅ፦ እስቲ እየኝ። አልቦኛል? አለክልካለሁ? ፊቴ ተለውጧል? ደህና ነኝ ስልህ እመነኝ እንጂ።

ናሁሰናይ፦ ግራ የገባኝም እሱ ነው። ከሰኞ እስከ ትናንት ቀኑን ሙሉ ግራጫ ነበርሽ፤ የታዘዘልሽን የእግር ጉዞ እንኳ አልሄድሽም። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። ዘንድሮስ ሰማችኝ፣ አልሰገደችም ብዬ።

ጥሩወርቅ፦ ምን ጉልበት አለኝና እሰግዳለሁ?

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ቀሚስሽ ጉልበቱ ላይ ምን ነክቶት ነው አፈር የሆነው?

ጥሩወርቅ፦ ስንዴ ስለቅም ይሆናላ።

ናሁሰናይ፦ ስንዴ በጉልበት አይለቀምም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ሐኪሙ ስግደት ይቅርብዎ ሲልሽ አጠገብሽ ነበርኩ።

ጥሩወርቅ፦ ዓምና በሕማማት አልጋ ላይ ተኝቼ ያለቀስኩ ጊዜ ግን አጠገቤ አልነበርክም። ለከርሞው ካደረስከኝ ግንባሬ መሬት እስኪነካ እሰግዳለሁ ብዬ ተስያለሁ። የተሳልኩት ለሐኪሙ አይደለም።

ናሁሰናይ፦ ስለዚህ ሰግደሻል።

ጥሩወርቅ፦ ብሰግድ ኖሮ ሰዓትህ አይነግርህም ነበር? ከሰኞ ጀምሮ ግራጫ ነው አላልክም? ወይ እሱን እመን ወይ እኔን።

ናሁሰናይ፦ እሱን አምኜ ነው የመጣሁት። ይኸው እዪው። አንቺ ተቀምጠሽ ስንዴ ትለቅሚያለሽ፣ ልብሽ ግን ይሮጣል።

ጥሩወርቅ፦ አሁን? አሁን እያወራን?

ናሁሰናይ፦ አሁን። መቶ አርባ ሁለት ነው የሚለው።

ጥሩወርቅ፦ ይኼ ሰዓት እርምጃም ይቆጥራል ብለኸኝ አልነበር?

ናሁሰናይ፦ ይቆጥራል እንጂ። ከትናንት ጀምሮ ከአልጋሽ እስከ በሩ እንኳ አልሄድሽም ማለት ይቻላል።

ጥሩወርቅ፦ ሳይራመድ የቀላ ልብ ምን ማለት ነው?

ናሁሰናይ፦ የሚያስፈራው እሱ ነው። የሮጠ ሰው ልብ ቢቀላ አያስደንቅም፤ ሰውየው ሲያርፍ ልቡም ይበርዳል። ቁጭ ብሎ የቀላ ልብ ግን ከምኑ ያርፋል? እየደከመ ይሄድና ሊያቆም ይችላል።

ጥሩወርቅ፦ ሌሊቱንስ?

ናሁሰናይ፦ ሌሊቱንም አልበረደም። እንቅልፍ አልወሰደሽም።

ጥሩወርቅ፦ ጋደም ስትል ትንፋሿ እየተቆረጠ ይሆናል።

ናሁሰናይ፦ የማን?

ጥሩወርቅ፦ ጠዋት በአጥሩ ስጠራት ድምጿ አልወጣ አለ። ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ ነው ያደርኩት፣ ጾሙ ነው ያደከመኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ ሳትሰግጂ ደከመሽ እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። ሳቅሁባት ልጄ።

ናሁሰናይ፦ ስለ ማን ነው የምታወሪው?

ጥሩወርቅ፦ ነጠላውን ግለጠው። ይኸው እጄ።

ናሁሰናይ፦ ሰዓቱ የታለ?

ጥሩወርቅ፦ ብርነሽ እጅ ላይ ነው።

ናሁሰናይ፦ እማማ ብርነሽ?

ጥሩወርቅ፦ አዎ፣ አዝላ ያሳደገችህ ብርነሽ። ከሰኞ ጀምሮ። ባወልቀው፣ ሰዓቱን ለምን አላሰርሽም ብለህ ትደውላለህ። አስሬው ብሰግድ ይቀላብሃል። እሷን ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም። እሷ ብታስረው አንተም አርፈህ ትተኛለህ፣ እኔም ስለቴን አደርሳለሁ አልኩ።

ናሁሰናይ፦ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራሽው? የራስሽ ልብ እንዴት እንደከረመ አላውቅም፤ የሳቸው ሲጮህ ያደረውን ደግሞ ያንቺ ነው ብዬ ሌሊቱን አሳለፍኩት። የሳቸው መሆኑን ባውቅ ኖሮ እዚሁ ላለ ሰው ደውዬ ሌሊቱን አስደርስላቸው ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ስድቡን አስቀምጥልኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። የሚገባኝ ነው። አሁን እሷ ትቅደም።

ናሁሰናይ፦ ነይ እናንኳኳ። መኪናው ደጅ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እሺ አትልም። ባሏ ሐኪም ቤት ገብቶ በሬሳ ሣጥን ከወጣ ወዲህ በዚያ በር አልፋ አታውቅም። ትንሣኤ ይለፍና እናያለን ትልሃለች።

ናሁሰናይ፦ ተሸክሜ እወስዳቸዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ በዚያ ልብ ላይ ልትታገላት? ደንግጣ እጅህ ላይ ብትቀርስ?

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ምን ልበላቸው? መቶ ሃምሳ ሊገባ ነው እኮ እማዬ።

ጥሩወርቅ፦ ስንዴውን ተወው፣ ጫማዬን አቀብለኝ። የስድስት ሰዓቱም ስግደት ይቅር፤ የተሳልኩለት ጌታ ያያል። ልቧ ነው ብለህ እንዳትነግራት። እናቴ ታማለች፣ ያለ እርስዎ አልሄድም ብላለች በላት። ሰዓቱንም ያሰረችው ለኔ ብላ ነው። ለራሷ ብላ አትነሳም፤ ለኔ ብላ ግን በዳዴም ቢሆን ትወጣለች።