የአቶ ፍሰሐ ወልደ ሚካኤል ሕይወትና የግራው የኋላ ኩሽኔታ

ይህን ዜና ሕይወት የጻፈችው የአቶ ፍሰሐ ወልደ ሚካኤል የመጀመሪያ ልጅ ዕፀገነት ናት፤ ስለ አባቷ ልደት ከመነበቡ በፊትም አንድ ነገር እንዲሰማላት ለምናለች። ከስድስት ዓመት በፊት በአቶ ጀይላን መኪና የግራ የኋላ ጎማ አሮጌ ኩሽኔታ እንደ አዲስ ተደርጎ መግባቱን እዚህ ከተሰበሰባችሁት አንዳንዶቻችሁ ሰምታችኋል። የገጠሙት አቶ ፍሰሐ ናቸው፤ አሮጌ መሆኑን ግን አያውቁም ነበር። ያቀበለቻቸው ዕፀገነት ናት፤ ስሕተቷን በሦስተኛው ቀን ካወቀች በኋላም ለማንም ሳትናገር እስከ ዛሬ ኖራለች።

አቶ ፍሰሐ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ገብረጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ ቦጂያ እዚሁ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱበት ዘመን በመታወቂያቸው 1943 ዓ.ም. ሲሆን ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ግን 1941 ነው ይላሉ፤ ሟች ራሳቸውም ሲጠየቁ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ይናገሩ ስለነበር ልጃቸው የቱን እንደምትይዝ ቸግሯት ሁለቱንም ጽፋለች። ፊደል ቆጥረውና ዳዊት ደግመው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በመታመማቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ሰንጋ ተራ አጠገብ በነበረ የአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ተቀጠሩ። ጣሊያኑ መፍቻ ከማስያዙ በፊት ወራት ሙሉ የመኪና ድምፅ ብቻ እንዲያዳምጡ ያደርጋቸው እንደነበር እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሻረግ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዕፀገነትን፣ ሙሌንና ናዝሬትን ወለዱ። በ1975 ዓ.ም. ጌጃ ሰፈር ውስጥ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው ከሠላሳ ሰባት ዓመት በላይ ሠሩበት። ዕፀገነትም ኮሌጅ ጨርሳ የጋራዡን ዕቃ ክፍል ያዘች።

የኋላ ጎማ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ማለቁን የሚለዩበት መንገድ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ባለመኪናው እየነዳ እሳቸው ከኋላ ወንበር ዓይናቸውን ጨፍነው ሜክሲኮ አደባባይ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ማርሽ ሲቀየር ግን የማይለወጥ ጉርምርምታ ከሰሙና መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከባሰበት ግራውን፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከባሰበት ቀኙን ይጠረጥራሉ። ከዚያም መኪናውን በክሪክ አስነሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቀንቁታል፤ በአንድ እጃቸው እያሽከረከሩም ሌላውን መኪናውን በሚሸከመው ሞላ ላይ ያሳርፋሉ፤ ንዝረቱ መዳፋቸው ላይ ካልተሰማቸው አንድ ብሎን አይፈቱም። አዲሱን ኩሽኔታ ግራሶ፣ ማለትም ወፍራሙ ማለስለሻ ቅባት፣ ከመሞላቱ በፊት ጆሯቸው ሥር ያዞሩታል፤ ሲያስገቡትም የውጭውን ቀለበት ብቻ እየገፉ እንጂ የውስጡን አያስነኩም። በመጨረሻ አሮጌውን በናፍጣ አጥበው በአዲሱ ካርቶን ከተው ለባለቤቱ ይመልሳሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ዕቃው በእርግጥ መቀየሩን ሰው በዓይኑ እንዲያይ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በአንድ ቀን ጠዋት የባለሱቋ የወይዘሮ ነስሪን መኪና ኩሽኔታ ተቀይሮ፣ አሮጌው ታጥቦ በካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ የረጅም ዘመን ደንበኛቸው የአቶ ጀይላን መኪና መጣ፤ ሁለቱ መኪኖች አንድ ዓይነት ነበሩ። አቶ ፍሰሐ አዳምጠው ግራው ነው አሉ። ዕፀገነት ሥራው እንዲፈጥን ብላ ካርቶን ከፍታ፣ ኩሽኔታውን ራሷ ግራሶ ሞልታ አቀበለቻቸው። የከፈተችው ግን የወይዘሮ ነስሪንን ካርቶን ነበር። ግራሶ የሞላው ኩሽኔታ ድምፁ ስለሚታፈን ይሁን፣ ወይም ልጃቸውን አምነው ሳያዞሩት ቀርተው ይሁን፣ አባቷ ምንም አልሰሙም፤ ዕፀገነት ይህን ደጋግማ ብታስበውም ጆሯቸው ሥር አዙረውት እንደሆነ አታስታውስም።

በማግሥቱ አቶ ጀይላን ጉርምርምታው እንዳለ መሆኑን ነግረው ተመለሱ። አቶ ፍሰሐ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሜክሲኮ ደርሰው ተመለሱ፤ ጎን ተሳስቻለሁ ብለውም ቀኙን ቀየሩ። ድምፁ አልጠፋም። «እንግዲህ እኔንም በክሪክ አንሥታችሁ የላላውን ፈልጉ» ሲሉ ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ለማዳመጥ እንቢ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ነስሪን ካርቶናቸውን ይዘው ወደ ዕቃ ክፍሉ መጡ። «ዕፁ፣ ይሄ እኮ ከላስቲኩ እንኳን አልወጣም፤ የኔን መኪና በወሬ ነው እንዴ የጠገናችሁት?» ብለው ቀለዱባት። ዕፀገነት ሁሉም ነገር የገባት ያኔ ነው፤ ለአቶ ጀይላን የተዘጋጀው አዲሱ ኩሽኔታ ካርቶኑ ተቀያይሮ ለወይዘሮ ነስሪን ተሰጥቶ ነበር። መኪናቸው ደህና መሆኑን ነግራ ሸኘቻቸውና አዲሱን ኩሽኔታ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። በዚያ ቀን ለአባቷ ያልነገረችው ፈርታ ነበር። በኋላ ደግሞ ልባቸው ስለደከመ ሥራ እንዲተዉ ቤተሰቡ ሁሉ ይለምናቸው ስለነበር፣ ይኼው ሰበብ ተገኘ ብላ ዝም አለች። የትኛው እውነተኛው ምክንያት እንደሆነ ዛሬም አልለየችውም።

አቶ ፍሰሐ በሁለተኛው ወር ጋራዡን ዘጉ። አቶ ጀይላን መኪናቸውን ሌላ ቦታ ሲያስፈቱ የግራው ኩሽኔታ አሮጌ ሆኖ ተገኘ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ለአቶ ፍሰሐ ምንም አልተናገሩም፤ እግራቸውን ብቻ ሰበሰቡ። ወሬው ግን ጌጃ ሰፈርን ዞረ። አሮጌውን በአዲስ ካርቶን መመለሳቸው ሳይቀር የማታለያ ዘዴያቸው ነበር ተባለ። ዕፀገነት ይህንንም ሰምታ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሕመም ነበሩ። ሊያርፉ ሳምንት ያህል ሲቀራቸው፣ ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ «ዕፁ፣ የጀይላን ግራው ነበር፣ አይደል?» አሏት። «አላስታውስም አባዬ» አለች። ጥቂት አይተዋት፣ «እኔም አላስታውስም» አሉና ፈገግ አሉ። አውቀው ኖሯል? አውቀውስ ይቅር ብለዋት ነው ወይስ ራሷ እንድትናገር እየጠበቋት ነበር? ዕፀገነት ፈገግታውን ከዚህም ከዚያም ብታየው አልፈታላትም፤ አሁን ደግሞ የምትጠይቃቸው የሉም።

አቶ ፍሰሐ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ አምስት ወይም በሰባ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ሐዘን ላይ ናቸው። እግዚአብሔር የአገልጋዩን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

አቶ ፍሰሐ ማንንም አላታለሉም። አቶ ጀይላን፣ ወይዘሮ ነስሪን፣ ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ዕፀገነትን ይቅር በሏት።