የተዘለለው በር

— ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል?... ሰሀር? የማሂራ ልጅ? የእናትሽ ቁጥር ሲሆን እሷ መስላኝ... እሺ፣ ሥራ ይዛ ነው። በይ ንገሪኝ።

— ብርጭቆ... አለኝ፣ ለምን አይኖረኝም። ለነገው ለአያትሽ የአርባ ቀን ሰደቃ ነው አይደል? ስንት ደርዘን በይ አለችሽ?... አራት። አራት አይሞላም፤ ከአራተኛው ሁለቱ ተሰብረዋል። ትሪም ጨምሬ እልካለሁ በያት።

— አንዴ ቆዪኝ... የቱ ነው? እሱ የቀሚስ ዚፕ ነው እህቴ፣ የሱሪው ታችኛው ሳጥን ውስጥ አለ። ዝቅ ብለሽ እዪ፣ ማየት አይከፈልበትም።

— አለሁ ሰሀር። የለም፣ አትዝጊው። እኔም ላናግርሽ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ሰው ልትጠሪ መጥተሽ አልነበር?... አይቼሻለሁ እኮ። መጀመሪያ እኔ ጋ ገባሽ። ከዚያ ተሻግረሽ ፈርሀት ሻርፕ ቤት። ከዚያ ጫማ ቤቱ። መሀል ላይ አንድ ሱቅ ዘለልሽ።

— የጋሽ ፉርቃንን ነዋ።

— ዝግ አልነበረም ሰሀር።

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... አልተቆጣሁም። ግን በሩ ተከፍቶ፣ ጨርቁ እስከ ደጃፉ ተደርድሮ፣ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ስትመጪ ሲያይ ተነሳ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ አለፍሽ፣ እሱም ተመልሶ ተቀመጠ። ሌላውን እንደፈለግሽ፣ ዝግ ነበር ብቻ አትበይኝ።

— እ... ማን ነገረሽ?... ፈርሀት። ምን ብላ?... «የአያትሽ አስከሬን ከቤት ሳይወጣ እሱ ሱቁን ከፍቶ ጨርቅ ይሸጥ ነበር»። እንዲህ ነው ያለችሽ?... ራሷ አይታዋለች?... ያየ ሰው ነገረኝ አለች። ያየ ሰው... እሺ። እሱን እንለፈው።

— አይ፣ ብትናደጂ አልፈርድብሽም። በዚህ መስመር ሰው ሲሞት ቀብሩ እስኪያልቅ ሁሉም ይዘጋል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ያልዘጋ ሰው ስሙ አይነሳም። አያትሽ ሀጂ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት በረንዳ ነው። ገብቶኛል።

— እናትሽ ታውቃለች?... «ሁሉንም ጠራሁ» አልሻት። እሺ።

— እንግዲህ ስሚኝ። የሰደቃ ጥሪ በስልክ አይደለም፣ በእግር ነው፣ በተራ ነው። በር አይዘለልም። ነገ መስመሩ ሁሉ መጥቶ አንድ ሰው ከቀረ፣ የሀጂ ቤተሰብ ቆረጠው ነው የሚባለው። ልጅ ናት ያደረገችው የሚል የለም። እስካሁን በሹክሹክታ ያሙት የነበሩት ሰኞ ጠዋት ሰላምታም ይነሱታል። እንዲህ ሆኖ ሱቅ ዘግቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ። ለዚህ ነው የያዝኩሽ።

— የግድ ጥሪው አላልኩሽም። ለቤታችሁ ማን እንደሚጠራ እኔ አልመርጥም። ሁለት ሦስት ነገር ልጠይቅሽና ከዚያ እንደመሰለሽ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ መላውን አንቺ ጨምሪበት።

— ሀጂ ስንት ሰዓት ላይ አረፉ?... ጠዋት ሦስት ሰዓት። ቀብሩስ?... ከዙሁር ሶላት በኋላ። ስለዚህ ለዝግጅት ጊዜ አልነበረም። እኛ ሦስት ተኩል ላይ ዘግተን ጨርሰናል።

— ፈርሀት የተለካው ምን ዓይነት ጨርቅ ነው አለችሽ?... ነጭ። ነጭ አቡጀዲ። ገዢውስ ማን ነበር?... አልነገረችሽም። በሩስ?... እስከ ግማሽ ተከፍቶ። ሊሸጥ የከፈተ ነጋዴ በሩን ግማሽ ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ይገባል እንዴ ሰሀር? በመርካቶ?

— አይ እህቴ፣ የልብስ ቁልፉን በፍሬ አልሸጥም፣ በደርዘን ነው... እሺ፣ ግማሽ ደርዘን ውሰጂ፣ አትጨቃጨቂኝ፣ ስልክ ላይ ነኝ።

— አለሽ?... ያን ቀን አንቺ ቤት ነበርሽ። አጎትሽ ዛኪር ወጥቶ ሲመለስ ምን ይዞ ነበር? ሀጂን ሊያጥቡ ሲሉ... ከከበደሽ ይቅር... እ... ጥቁር ፌስታል። በብብቱ ይዞ። ውስጡ ምን እንደነበር አይተሻል?

— ነጭ ጨርቅ።

— ከጋሽ ፉርቃን ሱቅ?

— አዎ።

— አዎ፣ እሱ ነው። የአያትሽ ከፈን ነበር፤ የተገነዙበት ጨርቅ።

— አልቅሺ፣ ግድ የለም። ስልኩን አልዘጋውም። አልቸኩልም እኔ።

— ኋላ ነው የሰማሁት። ዛኪር ሌላ ተራ ሄዶ ሊገዛ ሲል ጋሽ ፉርቃን እጁን ያዘው። «ሀጂን የማያውቅ ሰው ከፈናቸውን አይቆርጥም» አለው። ከዘጋ በኋላ መልሶ ከፍቶ ገባ፣ ለካ፣ ቆረጠ፣ ዘጋ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ ስለ በሩ አወራ፣ ስለ ሜትሩ አወራ። ከፈኑ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ የለም።

— ለምን ዝም አለ?... ከፈን ሰጠሁ ብሎ የሚያወራ ሰው ገጥሞሽ ያውቃል? ከተወራ ምኑን ሰደቃ ሆነ። አርባ ቀን ሙሉ ሲታማ እየሰማ ሱቁን ከፍቶ ይዘጋል።

— ይቅርታ አትጠይቂው። በልጅ ፊት ያፍራል። «እናቴ ነገ ከዙሁር በኋላ ቤታችን ይምጡልን ብላለች» በይው፣ ለእኔ እንዳልሽው። እንደ ሰው ሁሉ መጠራት ነው የቀረበት፣ ሌላ አይፈልግም።

— አሁን ነዋ። ነገ እሑድ ነው፣ አይከፍትም... እንዲያውም ቆይ... ጋሽ ፉርቃን መጋዘኑን ቆልፎ ወጣ፣ ሊዘጋ ነው። ከቤታችሁ እዚህ ስንት ይፈጅብሻል?... በሩጫ አስር ደቂቃ። ሲኒማ ራስ ጋ ስትሻገሪ ግን እንዳትሮጪ፣ ታክሲዎቹን አላምናቸውም። እኔ አቆየዋለሁ። ሁለት ሜትር ፎደራ ለገበር ቁረጥልኝ እለዋለሁ። ፎደራ የማደርግበት የለኝም፣ እሱም ያውቃል። ግን ሲለካ አይቸኩልም።

— እኔ እንዴት አወቅሁ?... በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ዛኪር ሊያመሰግነው መጣ። እኔ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ቆሜ ነበር።

— ከዚያማ ለፈርሀት ለምን አልነገርኳትም... ትክክል ጠየቅሽ።

— ሰሀር፣ የፈርሀትና የፉርቃን ሱቅ ጎን ለጎን ነው። ከእሷ ሱቅ ውስጡ አይታይም። የሚታየው ፊት ለፊት ካለው ነው። ከእኔ።

— አዎ። ያየው ሰው እኔ ነኝ። በሬን ቆልፌ ስዞር አየሁት። «ሀጂ ሳይቀበሩ ፉርቃን ገበያ ይዟል» ብዬ ለፈርሀት የነገርኳት እኔ ነኝ። መላ አልጨመርኩበትም።

— እውነቱን ካወቅሁ ወዲያ ደግሞ አፈርኩ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል አርባ ቀን ሞላ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ግን ሲቆይ ይበርዳል ብዬ ነበር። ዛሬ ተነስቶ ሲጠብቅሽ፣ አንቺ ስታልፊው... ብቻ አየሁት።

— ቅር ይበልሽ፣ ልክ ነሽ። ብርጭቆውን ግን ለእናትሽ እልካለሁ፤ እሱ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

— እህቴ፣ ውጪልኝ፣ ልዘጋ ነው። ዚፑን ሰኞ ትወስጂዋለሽ።

— በይ ጫማሽን አድርጊ። አንቺ የቀረሽ አንድ በር ነው። እኔ ደግሞ ከፎደራው በኋላ ከፈርሀት እጀምርና ወሬው የገባበትን በር ሁሉ አንኳኳለሁ። በእግሬ፣ በተራ፣ ሳልዘል... ፉርቃን፣ ቆይ አንዴ፣ አትዝጋው... ሂጂ ሰሀር። ዝጊው።