የተተፋው ጠጅ ካሳ

ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሶስናን ለማግባት የጠየቀው የወይን ጠጅ ባለሙያ ናሁሠናይ፣ ጠርሙስ ታቅፎ በእናቷ በወይዘሮ አልጣሽ ሳሎን መሃል ቆሟል፤ ተቀመጥ ያለው የለም።

አልጣሽ፦ አልቀበልም አልኩ እኮ! ጠርሙስዎን ይዘው በመጡበት ይመለሱ።

ናሁሠናይ፦ እትዬ አልጣሽ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ "እርስዎ" አይበሉኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ "ልጄ" ነበር የሚሉኝ።

አልጣሽ፦ ባለፈው ሳምንት ባለሙያ መሆንዎን የት አውቄ! ባለሙያ ይከበራል።

ናሁሠናይ፦ ሽማግሌዎቼን አትምጡ ብለው ላኩባቸው። ሶስናም ስልኬን አታነሳም። ለምን?

አልጣሽ፦ ለምን?! በግብዣዬ ላይ በሃያ ዘመድ ፊት ጠጄን አሽትተው፣ ብርሌውን እንደ መድኃኒት በጥብጠው፣ ተጉመጥምጠው ማስታጠቢያው ውስጥ የተፉት ማን ሆነና?

ናሁሠናይ፦ ሙያው ነው እትዬ። እኛ ስንቀምስ አንውጥም።

አልጣሽ፦ እኛ ደግሞ የተበላሸ ካልመሰለን አናሸትም! ወንድሜ እርስዎን አይቶ ብርሌውን አስቀመጠ። "ምን ገብቶበት ይሆን?" አለኝ በጆሮዬ። ከተፉት በኋላስ ምን አሉ?

ናሁሠናይ፦ ይቅር፣ አሁን ምን ያደርጋል...

አልጣሽ፦ ይበሉት!

ናሁሠናይ፦ "ጌሾው ቀድሟል፣ ማሩ ተደብቋል፣ አጨራረሱ አጭር ነው።" ጣዕሙ አፍ ላይ አይቆይም ለማለት ነው።

አልጣሽ፦ አጨራረሱ አጭር! እኔ እንኳ ስሰማው ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።

ናሁሠናይ፦ ለዚህ ነው ካሳ ይዤ የመጣሁት። ቴሮልዴጎ ይባላል። ከሰሜን ጣሊያን፣ በረዶ ከሚጥልባቸው ተራሮች ሥር የሚመጣ ቀይ የወይን ጠጅ ነው።

አልጣሽ፦ ብርድ አገር ከሆነ እንኳ ዘመዳችን ነው። ስሙን ለመጥራት ግን ስንቅ ያስፈልጋል። በምን ይጠጣል?

ናሁሠናይ፦ እሱ ነው ዋናው! ከምግብ ጋር ነው የሚያምርበት። በአገሩ ለምሳሌ ከተጨሰ የአሳማ...

አልጣሽ፦ ምን አሉ?! ስመ ሥላሴ! ቤቱን ጸበል ያስረጨሁት ትናንት ነው!

ናሁሠናይ፦ ትቼዋለሁ፣ ትቼዋለሁ! ከፖሌንታ ጋርም ይሄዳል።

አልጣሽ፦ እሱስ የምን እንስሳ ነው?

ናሁሠናይ፦ እንስሳ አይደለም። የበቆሎ... ገንፎ ቢጤ።

አልጣሽ፦ ገንፎ! ማን ወልዶ?

ናሁሠናይ፦ ማንም! እዚያ ሁሉም ሰው ይበላዋል፣ ወንዱም ጭምር።

አልጣሽ፦ ልጄን ሳያገቧት ገንፎ ሊያስገነፉኝ! ጎረቤት ቢያይ ሶስና ሳትዳር አራስ ሆነች ብሎ እልልታውን ያቀልጠዋል።

ናሁሠናይ፦ ገንፎው ይቅር። የድኩላ ጥብስ፣ የጫካ እንጉዳይ፣ የከረመ አይብ...

አልጣሽ፦ የከረመ አይብ እዚህ ቤት የውሻ ነው። ድኩላውንስ እኔ ነኝ በነጠላ ሮጬ የምይዘው?

ናሁሠናይ፦ ቋንጣ የለዎትም?

አልጣሽ፦ ቋንጣ ያጣ ቤት ይመስላል?

ናሁሠናይ፦ ጭስ የጠገበ ሥጋ ይወዳል። በቋንጣ ይቅመሱልኝና ከዚያ ያባርሩኝ።

አልጣሽ፦ ይክፈቱት። ... ይህችን ብቻ ቀዱ? የሕመምተኛ መጠን ነው? ይሁን። እንዴት ነበር የሚያደርጉት? እንዲህ ነው የሚበጠበጠው?

ናሁሠናይ፦ ግድ የለም እትዬ፣ ዝም ብለው ይጠጡት።

አልጣሽ፦ መጀመሪያ አፍንጫ ይገባል። እም። ከዚያ ይጉመጠመጡታል። ማስታጠቢያውን ያቅርቡልኝ።

ናሁሠናይ፦ እትዬ!

አልጣሽ፦ እትፍ! ጥድ ጥድ ይላል። ያረረ ለውዝም አለበት። አጨራረሱ አጭር ነው።

ናሁሠናይ፦ አጭር አይደለም! እንዴት እንዲህ ይላሉ? የሠሩትን ሰው አውቃቸዋለሁ፤ ሥልጠና ላይ ሳለሁ ቤታቸው በልቻለሁ። ሽማግሌ ናቸው። ዳገት ላይ ጎንበስ ብለው ዘለላውን አንድ በአንድ በእጃቸው ነው የሚለቅሙት። አንድ ጉንጭ እንኳ ሳይውጡላቸው...

አልጣሽ፦ እኔስ? ጌሾውን በዚህ በሚያመኝ እጄ ነው የወቀጥኩት። ማሩን ይፋት ድረስ ወርጄ ነው መርጬ ያመጣሁት። ልጄን የሚወስደው ሰው ይጠጣዋል ብዬ። ሰው ሲሄድልኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ናሁሠናይ፦ ዘመዶችዎ ሐኪምና መሐንዲስ ናቸው። ሥራዬ ወይን ጠጅ መቅዳት ነውና "ሶስናን አሳላፊ ሊያገባት ነው" እንዳይሉ ፈራሁ። ትልቅ ሰው መስዬ ልታይ ብዬ ነው የተፋሁት እንጂ ጠጁ ምንም አልነበረበትም። አሳፈርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።

አልጣሽ፦ ከዚያው ጠጅ አንዲት ብርሌ ተርፋለች። እንካ።

ናሁሠናይ፦ እጅ ይባረክ።

አልጣሽ፦ ኧረ ቀስ! አፍንጫህ የት ሄደ?

ናሁሠናይ፦ ዛሬ አላመጣሁትም።

አልጣሽ፦ እንዴት ነው ታዲያ?

ናሁሠናይ፦ ይድገሙኝ።

አልጣሽ፦ ያንተኑም ቅዳልኝ፤ ሞላ አድርገው። ቋንጣውን ወዲህ በለው። ... እምም።

ናሁሠናይ፦ ዋጡት እኮ እትዬ!

አልጣሽ፦ ዝም በልና ተቀመጥ። ሽማግሌዎችህን ለእሁድ ላካቸው። የሠርጉ ዕለት ግን ማስታጠቢያውን ከሙሽራው ራቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።