ከክፍሉ ሳይወጣ የቀረው ግማሽ

ወዳጆች፣ ጎረቤቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ የዩኒቨርሲቲው ሰዎችም ጭምር፣ እግዚአብሔር ያጽናን። ታናሽ እህቴን አንቱ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አንቱታው ይገባቸዋል።

ወይዘሮ ሂልዳ ክሌግ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳ ዓመት እዚሁ ላንካሽር ከአባታቸው ከአቶ ሃሮልድ ሰትክሊፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልሲ ተወለዱ። እኔ ፊደል በቅጡ ሳልለይ ጥጥ ፋብሪካ ስገባ፣ እርሳቸው እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተምረው ተከተሉኝ። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን እኛ ሴቶቹ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ነበር የምናወራው፤ አለቃችንን ፊቱ ቆመን ስናማው እንኳ አይሰማም፣ ምስኪን!

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የአውቶቡስ ነጂውን አቶ ዊልፍሬድ ክሌግን አግብተው አንድ ልጃቸውን ኔቪልን ወለዱ። ኔቪል ጆሮው የማይሰማ፣ አእምሮውም እንደ ሕፃን የቀረ ስለነበር ሐኪሞቹ «ተቋም ይግባና እርስዎም ይርሱት» ቢሏቸው፣ «የሚረሳስ ጃንጥላ ነው!» ብለው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘውት ተመለሱ። ያንን የፋብሪካ የከንፈር ንግግር አስተምረው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ብቻቸውን፣ እስከ አርባ ስምንት ዓመቱ ቤታቸው አኖሩት።

በስልሳ አራት ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲው ማኅበራዊ ሠራተኞችን ሲያሠለጥን፣ ድጋፍ የሚደረግላቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውም ገብተው እንዲያስተምሩ ፈልጎ ጋበዛቸው። «ኤድና፣ መምህርት ሆንኩልሽ!» ሲሉኝ «ለመሆኑ ጠመኔ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቂያለሽ?» ብዬ አሾፍኩባቸው። ተማሪ ሲመረጥም ከመምህራኑ ጋር ይቀመጡ ነበር። አንዲት ልጅ፣ ስሟን በዚህ ቤት አልጠራም፣ ፈርታ እንባ ቢያንቃትና ሊጥሏት ቢሉ፣ «ተዉአት፣ ይቺ ሰው ማድመጥ ትችላለች» ብለው ያስገቧት እህቴ ናቸው።

ሥራቸውም ከሁሉ የከፋውን ቀናቸውን ለተማሪዎች መንገር ነበር። መምህሩ በየዓመቱ «እዚህ የተነገረ ከዚህ በር አይወጣም» ይል ስለነበር፣ እርሳቸውም አምነው፣ ኔቪል ቀኑን ሙሉ ሲጮኽና ፀጉራቸውን ሲነጭ ውሎ፣ በሩን ቆልፈውበት ጓሮ ወጥተው ሩብ ሰዓት መቀመጣቸውን ሳይደብቁ ነገሯቸው።

ዓመታት አልፈው ያቺ ልጅ ተመርቃ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆና ደጃፋቸውን ስታንኳኳ ደስታቸውን ባያችሁ! «ግቢ የኔ ልጅ፣ ስለ ኔቪል ስትሰሚ ብቻ ኖርሽ፣ አሁን በዓይንሽ እዪው» ብለው ኬክ ቆረሱላት። በላችም። ከወር በኋላ የደረሰው የልጅቷ ሪፖርት ግን «እናትየው ልጃቸውን እንደሚቆልፉበት በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል» ይል ነበር፤ ኔቪልም የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለ ተቋም ተወሰደ፤ እዚያ ደግሞ በከንፈር የሚያናግረው አንድም ሰው የለም።

እህቴ መምህሩ ዘንድ ሄደው «ከበሩ አይወጣም ብለኸኝ አልነበር ወይ?» ቢሉት፣ «ወይዘሮ ሂልዳ፣ ነገሩ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አላቸው፤ በዚያው መስከረም ግን እንደ ወትሮው መጥተው ያስተምሩ ዘንድ የግብዣ ደብዳቤ ላከላቸው። እሳት ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ለማስመለስ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ልባቸው ደክሞ፣ ጉዳያቸው እንደገና ሊታይ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ባለፈው ሰኞ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ያቺ ልጅ ከክፍሉ ይዛ የወጣችው ግማሹን ነው። የቀረውንም እህቴ እዚያው ነግረዋት ነበርና እኔ ልድገመው፦ ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩን ከፍተው ፊቱ ተንበረከኩ፤ «ይቅር በለኝ ልጄ» እያሉም፣ ኔቪል በጣቱ ከንፈራቸውን ዳስሶ እስኪስቅላቸው ድረስ፣ ያለ ድምፅ ደጋገሙለት።

ወይዘሮ ሂልዳ አንድ ልጃቸውን ኔቪልንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ጌታ ሆይ፣ ነፍሳቸውን የተናገሩት በማይመዘዝባቸው ቦታ አሳርፍልን።

አሁን ድምፄን አጠፋለሁ። ኔቪል ከጠባቂው ጋር እዚህ ፊቴ ተቀምጧል፤ እናቱ የት እንደሄዱ እስካሁን የነገረው የለም። በከንፈሬ ልነግረው ነው። እባካችሁ፣ ይህንን እንኳ አትጻፉት።